የሚስባህ ግራ ጆሮ

ስብሰባ አልወድም። ስብሰባ የሚጠራንም ሰው አልወድም። ግራና ላይ ይህን የማያውቅብኝ የለም። መርሳ መንገድ ዳር ማንጎና ፓፓያዬን ዘርግቼ ተቀምጬ እንኳ፣ አጠገቤ የቆሙ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ ካደረጉ ጆሮዬን እቀስራለሁ። ሸዋዬ ተጠራጣሪ ናት ይሉኛል፤ ይበሉ። እኛ አገር በእነዚህ ዓመታት የሆነውን አይቶ የማይጠራጠር ሰው ካለ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠራጠረው እሱን ነው።

የማወራችሁ ግን ስለ ራሴ አይደለም፤ ስለ ሚስባህ ነው።

ሚስባህ ባለወፍጮ ነው። ወፍጮ ቤቱ ከግራና ገበያ ጀርባ፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። እኔና እሱ እኩዮች ነን፤ አንድ ሰፈር ነው ያደግነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቅንድቡን ዱቄት የማይለቀው ሰው ነው። ጫት ሲቅም እንኳ አፉ አይፈታም። ሌላው ምርቃና ሲይዘው የአባቱን ገመና ሁሉ ያወጣል፣ እሱ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ሚስቱ ሲቲ፣ አላህ ይዘንላት፣ የሞተችው ልጃቸው ሉብና ገና በእግሯ ሳትጠና ነው። ሌላ አላገባም። ልጂቱን አጥቦ፣ አልብሶ፣ ትምህርት ቤት አድርሶ ያሳደጋት እሱ ነው። ፀጉሯን መጎንጎን ያስተማርሁት እኔ ነኝ። እጁ ዱቄት ስለሆነ ልጂቱ ትምህርት ቤት የምትሄደው አሮጊት መስላ ነበር፤ ሰዉ ይስቅባት ነበር፣ እሱም አብሮ ይስቅ ነበር።

አሁን ሉብና ደርሳለች። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሚዛኑን የያዘችው እሷ ናት። የምትወደው ልጅ አላት፤ ኢዘዲን ይባላል፣ ሲሪንቃ የእርሻ ምርምሩ ማሳ ላይ ይሠራል። ጨዋ ልጅ ነው፤ እኔን እንኳ ሲያየኝ ከሞተር ሳይክሉ ወርዶ ነው ሰላም የሚለኝ። አባቱ ሐጂ አብዱልሐሊም ናቸው፣ የሽንኩርት ነጋዴው። ልጁ ሽማግሌ ይላክልኝ ብሎ ሲለምናቸው ሐጂ "ልጂቱ መልካም ናት፤ አባቷም መልካም ነው። ግን ያ ሰው አማቼ ሆኖ ቤቴ አይገባም" አሉ። ለምን ሲባሉ ዝም። ልጁ ደግሞ ያለ አባቱ ፈቃድ አላገባም አለ። በኋላ ሐጂ መርሳ ላይ ሌላ ልጅ እያጩለት ነው የሚል ወሬ መጣ።

ሉብና ፓፓያዬ መሐል ቁጭ ብላ አለቀሰች። "እቴቴ ሸዋዬ፣ አባቴ ምን በደላቸው?" አለችኝ። ምን ልበላት? አባትሽ የበደለው የለም፣ አባትሽ ወፍ ሆኖ ተመርጦ ነው ልበላት?

ነገሩን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ከጦርነቱ ሸሽቶ የነበረው ሰው ሲመለስ፣ የመስኖ ማኅበራችን የውኃ ሞተር ቦታው ላይ አልነበረም። መጀመሪያ ያለፈው ጦር ወስዶት ነው ተባለ። በኋላ ግን ቀድሞ የተመለሰ ሰው ሞተሩን በዓይኔ አይቼዋለሁ አለ። እንግዲህ የወሰደው ከመካከላችን ነው ማለት ነው። ሽንኩርቱ ደረቀ፣ የኔም ፓፓያ ቅጠሉን ጣለ። ያን ጊዜ ሽማግሌዎች አውጫጭኝ ይደረግ አሉ። አውጫጭኝ ማለት ከየቤቱ ሰው ይወጣል፣ አንድ ጥላ ሥር ይሰበሰባል፣ ነገሩ ሳያልቅ ማንም ንቅንቅ አይልም። አንድ የታመነ ሰው ይመረጣል። እያንዳንዱ ተራ በተራ እየሄደ ያየውን፣ የሰማውን፣ የጠረጠረውንም በዚያ ሰው ጆሮ ይነግራል። ሰውየው ማን እንደነገረው አያወጣም፤ ሲጠየቅ ወፍ ነገረችኝ ይላል እንጂ። ለዚህ ነው ራሱን ወፍ የሚሉት። የሚያወጣው የሌባውን ስም ብቻ ነው።

ሚስባህን መረጡት። ነገር የማያመላልስ እንደሱ ማን አለ? የነገረኝን ሰው አላወጣም ብሎ ቁርዓን መታ። ወንዙ ዳር ካለው ሾላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በቀኙ በኩል ሽማግሌዎቹ ስለነበሩ ለእኛ ግራ ጆሮውን ሰጠን። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ወንዱም ሴቱም፣ ጎንበስ እያለ ሹክ አለው። እኔም ሄጃለሁ። ምን እንዳልሁት ግን አትጠይቁኝ።

ሁሉም ሲያልቅ ተነሣ። አንድ ስም ይጠራል ብለን ትንፋሻችንን ውጠን ስንጠብቅ "ስም አልተሰጠኝም" አለ።

እዚያ ጥላ ሥር የነበረው ሰው እንዴት እንደተያየ ብታዩ። ሁሉም አንዳንድ ስም ሰጥቶ ነው የመጣው፤ ፊቱ ይናገራል። ግን "ኧረ እኔ ሰጥቻለሁ" ብሎ ማን ይነሣ? ማንን ሰጠህ ቢባልስ? ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ገባ። ትንሽ ሰንብቶ ሞተሩ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ ወደ መቃብሩ በሚወስደው መንገድ ቁልቋል ሥር ተገኘ። ማን እንዳመጣው እስከ ዛሬ አልታወቀም። የባሰው ያኔ መጣ። ሚስባህ ሌባውን ያውቀዋል፣ ሹክ ብሎ ያስመለሰውም እሱ ነው ተባለ። ሁሉን ያውቃል፣ ሁሉንም ሆዱ ውስጥ ይዟል ተባለ።

ከዚያ ወዲያ ሚስባህ ባለበት ሰው አፉን አይከፍትም። ቅሬ ላይ፣ እድራችን ማለት ነው፣ ቀብር ደርሰን ስንቀመጥ ጥሩውን ቦታ ይለቁለታል፤ ልክ ሲቀመጥ ወሬው ይቆረጣል። ወፍጮ ቤቱማ የሴቶች ወሬ የሚፈጭበት ነበር፤ አሁን እህላቸውን አስቀምጠው ውጭ ፀሐይ ላይ ይቆማሉ። ሰላምታው ግን ጨምሯል። "ሚስባህ እንዴት አደርህ፣ ሚስባህ ደህና ነህ ወይ፣ ሉብና ደህና ናት ወይ" የማይለው የለም። ፈርተውት ነው። እንደሱ የሚከበር፣ እንደሱም ብቻውን የቀረ ሰው ግራና ላይ አላየሁም። ሐጂ አብዱልሐሊም ደግሞ የገዛ ወንድማቸውን ስም ሹክ ብለዋል ተብለው ይታማሉ፤ በመሬት ይጣሉ ነበርና። እውነት ይሁን ውሸት እሳቸውና ሚስባህ ያውቃሉ። ለዚህ ነው ከዚያ ሰው ጋር አንድ ገበታ ላይ እጃቸውን መስደድ ያቃታቸው።

በዚህ መሐል ነው የውይይት ሰዎች ከወልድያ የመጡት።

መጀመሪያ የቀበሌው አዳራሽ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ "ሕዝባዊ ውይይት፦ መተማመን በማኅበረሰባችን" ይላል። አበል የለውም ተባለ። አበል የሌለው ስብሰባ! እኔን ጨርሶ ያስጠረጠረኝ ይሄ ነው። ሰው ከወልድያ ድረስ ተነሥቶ፣ አንዲት ነገር ሳያገኝ፣ እኛ ስለ መተማመን የምናወራውን ሊሰማ ይመጣል? ምን አጥቶ? እንዲያም ሆኖ ሄድሁ፤ ካልሄድሁ ደግሞ ምን እንደተባለ በምን አውቃለሁ?

የምታወያየው ናጅዋ የምትባል ልጅ ናት። ሻሿን አሳምራ ያሰረች፣ ፈገግታዋ የማይጠፋ። ትልቅ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፈች፣ ፓርከሯን ከፈተች፣ "እስቲ በነፃነት እንወያይ" አለች። ማንም አልተነፈሰም። ሚስባህ ከኋላ በኩል ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ የሰዉ ዓይን አንዴ ወደሱ አንዴ ወደ ጣሪያ ነው። በመጨረሻ አያ ፈንታው ተነሡ። አያ ፈንታው ከጉባላፍቶ በኩል መጥተው እዚህ ያረጁ ገበሬ ናቸው፣ ስብሰባ መርቀው የሚከፍቱትም የሚዘጉትም እሳቸው ናቸው። "እኛ ደህና ነን ልጄ። እንተማመናለን። ሁሉ ሰላም ነው" ብለው መርቀው ተቀመጡ። ልጂቱ ወረቀቷ ላይ "ሰላም" ብላ ጻፈች፣ ሌላ የሚጻፍ አላገኘችም።

ስንወጣ እጇን ያዝኋት። "ልጄ፣ ይሄ ስልክሽ ይቀዳል እንዴ?" አልኋት። አይቀዳም ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቦርሳ ውስጥ ሆኖስ እንደማይቀዳ በምን አውቃለሁ? ውኃና ብስኩቱን ግን ተቀብያለሁ፣ እሱ ምን አደረገኝ።

በሌላ ቀን ሁለተኛው ውይይት ተጠራ። ሰዉ በመጀመሪያው ምንም ክፉ ስላልደረሰበት ከበፊቱ በዝቶ መጣ። ሉብናም ከሴት ልጆቹ ጋር መጥታ ከአባቷ ትይዩ ተቀምጣለች። ሐጂ አብዱልሐሊም ከፊት ወንበር ላይ ናቸው፤ ሚስባህን ላለማየት ወንበራቸውን አዙረዋል። እኔ ከሚስባህ ጀርባ ነበርሁ። እዚያ የተቀመጥሁት አውቄ ነው፣ ከሱ ጀርባ ማንም ስለማይቀመጥ ሰፋ ይላል።

ናጅዋ ዛሬ ዘዴ ይዛ መጥታለች። ነፋሱ ወረቀቷን እያነሣ ቢያስቸግራት "እባካችሁ በሩን ዝጉልኝ" አለች። ተዘጋ። "ሰው ፊት መናገር እንደሚከብድ ገብቶኛል" አለች። "ስለዚህ ዛሬ እንዲህ እናድርግ። የምታምኑት አንድ ሰው ይመረጥ። እያንዳንዳችሁ ተራ በተራ እየመጣችሁ የሚያስጨንቃችሁን ነገር በጆሮው ንገሩት። እሱ ማን እንዳለው ሳይጠራ ለሁላችን ያቀርበዋል።" ዞር ዞር ብላ አየች፤ ከሰዉ ሁሉ ዝምተኛና ጨዋ የመሰላትን መረጠች። "ለምሳሌ እኒያ አባት" ብላ ወደ ሚስባህ ጠቆመች።

ልጄን ይንሣኝ፣ የሰዉ ዓይን ሁሉ ወደ ተዘጋው በር ዞረ።

አያ ፈንታው በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። "ልጄ" አሉ፣ "ምን ተሰረቀ?"

ልጂቱ ግራ ገባት። "ምንም አልተሰረቀም አባባ።"

"ታዲያ በር ለምን ዘጋሽብን?"

ያን ጊዜ አዳራሹ ተናጋ። አንዱ የማን በሬ ጠፋ ይላል፣ ሌላው ነገሩ ለካ ለዚህ ኖሯል፣ አበል የለውም ሲሉ ጠርጥሬ ነበር ይላል። በሩ አጠገብ የነበረው ሰው ልውጣ ብሎ ሲነሣ ከኋላው ያለው ነጠላውን ያዘው፤ ከአውጫጭኝ ቀድሞ የወጣ ሰው ሌባው እሱ ነው ይባላላ። እኔም ተነሥቼ የነበርሁ ተመልሼ ተቀመጥሁ። ናጅዋ ፓርከሯን እንደያዘች "ውይይት ነው፣ ውይይት ብቻ ነው" ትላለች፤ ማን ይስማት።

ሐጂ አብዱልሐሊም ተነሡ። ፊታቸው ጠቁሯል። "እኔ ለዚህ ሰው ሁለተኛ በጆሮ አልናገርም" አሉ።

ሁለተኛ አሉ። ሁሉም ሰማ፣ እሳቸውም ያሉትን ሰሙ፤ ወዲያው ላባቸው በግንባራቸው ወረደ። የመጀመሪያውን ጊዜ ለሰዉ ሁሉ አስታወሱትና አረፉት።

ሚስባህ ያን ጊዜ ብድግ አለ። በስብሰባ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ ድምፁ ሻካራ ነው።

"ሐጂ፣ ቀድሞም አልሰማሁዎትም" አለ። "ማናችሁንም አልሰማሁም። ይቺን ግራ ጆሮዬን ወፍጮው በልቷታል፣ ከድሮ ጀምሮ አትሰማም። ያን ቀን ሲመርጡኝ ክብር መስሎኝ አይሆንም ማለት አፈርሁ። ሽማግሌዎቹ በቀኜ ተቀመጡ፣ እናንተ በግራዬ መጣችሁ። ትንፋሻችሁ ብቻ ነው የደረሰኝ። ስም አልተሰጠኝም ያልሁት ለዚያ ነው። ይኸው ነው፤ አውፍ በሉኝ።"

ማንም ወዲያው አላመነም። እኔማ ጨርሶ። ግን እስቲ አስቡት፤ ያን ቀን ስም ሰጥቶ የሄደ ሰው ሁሉ፣ ሚስባህ "አልተሰጠኝም" ሲል ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ሲብሰለሰል ነው የኖረው። አሁን መልሱ መጣለት። የሰዉ ትከሻ ቀስ እያለ ወረደ። አያ ፈንታው "እንግዲያ እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ጎንበስ ብዬ የነገርሁት ለግድግዳ ነዋ" አሉ፤ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

ሳቁ ሳያበቃ ቁጣው መጣ። የቅሬው ዳኛ ተነሥቶ "ቁርዓን መትተህ፣ በማትሰማበት ጆሮ አገር ተጫወትህብን?" አለው። ሚስባህ አንገቱን ደፋ። ሉብና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። አባቷ አገር ፊት ቀለለ፤ ለሷ ሲል ይሁን ለምን ማን ያውቃል፣ ብቻ ቀለለ። እኔ ተናደድሁ። በማን እንደተናደድሁ ግን አላውቅም።

ሐጂ አብዱልሐሊም ግን እንደ እኔ ናቸው፣ ሳያረጋግጡ አይለቁም። ከወንበራቸው ተነሥተው ሰዉን እየከፈሉ መጡ። ከሚስባህ በግራው በኩል ቆሙ፣ ጎንበስ አሉ፣ አፋቸውን ወደ ጆሮው አስጠጉ። እኔ ከጀርባው ነኝ። ሰማሁ።

"ልጅህን አልፈልጋትም" አሉት። "እናት የሌላት፣ ዱቄት ላይ ያደገች። ደጄን እንዳትረግጥ።"

ብለው ቀና አሉና ፊቱን ማየት ጀመሩ። እኔም በጎኑ አየሁት። ሰው ሁሉ ያየዋል። ሚስባህ ፊት ለፊት ወደ ሴቶቹ እያየ፣ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብሎ ቆሟል። አንድ ጡንቻ አልተንቀሳቀሰበትም። ቆየት ብሎ ወደ ሐጂ ዞር አለና "ጀመሩ እንዴ ሐጂ? በዚህ በኩል ይምጡ፣ ይሄኛው ይሰማል" ብሎ ቀኝ ጆሮውን ሰጣቸው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሐጂ ሲስቁ አየኋቸው፤ እንዲያ ጥርሳቸው ሁሉ ሲታይ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "አይሰማም" አሉ ለሰዉ፣ እጃቸውን ዘርግተው። "ወላሂ አይሰማም።" የሚስባህን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረጉት። ያንን ክፉ ቃል አውጥተው ከጣሉት በኋላ ምን እንደቀለላቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ውይይት ናጅዋ እንዴት ትጽፈው። በሩ ተከፈተ፣ የሰዉም አፍ አብሮ ተከፈተ። የውኃው ተራ ተነሣ። ስንሸሽ የተከፈተ ቤት ተነሣ፤ የማን ዕቃ ማን ቤት እንደተገኘ፣ ማን እንደመለሰ፣ ማን እንዳልመለሰ። ሲጣላ የነበረ ሰው ቆሞ "አዎ፣ አንተን ነበር የጠረጠርሁት" ሲለው ሌላው "እኔም አንተን" ይለዋል። ለካ መናገር ይችል ነበር ሰዉ። ልጂቱ ወረቀት አልቆባት በጀርባው መጻፍ ጀመረች። ዘዴዋ የሠራ መስሏት ደስታዋ፤ በኋላ ወልድያ ሄዳ፣ በጆሮ ማስነገር ለገጠር ውይይት እጅግ ጥሩ ነው ብላለች ሲሉ ሰማሁ።

ሚስባህን ቅሬው ቀጣው። ከእንግዲህ ለሽምግልና እንዳይቀመጥ፣ ምስክር እንዳይሆን ተወሰነ። ወፍጮ ቤቱ ግን ወዲያው ሞላ። ሴቶቹ ፀሐይ ላይ መቆም ትተው ገቡ፤ በግራው በኩል ቆመው እሱን ራሱን ያሙታል። ከዒድ በኋላ ሐጂ ሽማግሌ ላኩ። ኒካው ታሰረ፣ ሐጂና ሚስባህ አንድ ገበታ ላይ ቀረቡ። ሐጂ ሥጋውን እየመረጡ ያጎርሱት ነበር።

እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ምን እንዳልተዋጠልኝ ራሴም አላውቀው ነበር። አንድ ቀን ማሽላዬን ይዤ ወፍጮ ቤት ሄድሁ። ሉብና ባሏ ዘንድ ስለሆነች ብቻውን ነው። እህሌን እየፈጨ መብራት ሄደ። ሞተሩ እያቃሰተ ቆመና ያ ሁሉ ጩኸት ጸጥ አለ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። እሱ ዱቄቱን የሚቀበልበት ቦታ ላይ ቆሟል፤ ሞተሩ ያለው በቀኙ ነው። ዕድሜውን ሁሉ እዚያው ቦታ ነው የቆመው። ወፍጮው ጆሮ ይበላል ከተባለ መብላት ያለበት ቀኙን ነበር።

በግራው በኩል ነበርሁ። ጆንያዬን ከፍ አድርጌ መዘንሁና፣ ለራሴ እንደማጉረመርም አድርጌ፣ ቀስ ብዬ "ይሄ ሰውዬ ዱቄቴን አጉድሎብኛል" አልሁ።

"አልጎደለም ሸዋዬ። ሚዛን ላይ አውጪው" አለኝ።

ተያየን። ዱቄቱ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይንሳፈፋል፤ ውጭ አንድ ባጃጅ አለፈ። ፊቱ ላይ ያየሁት ሐጂ ያን ቃል ሲሉት ያልታየው ነገር ነው፤ ዓይኑ ውኃ ሞላ።

"ሰምተሃል ማለት ነው" አልሁት። "ሐጂ ያሉህን።"

"ሉብና ፊት ለፊቴ ነበረች" አለ። "እሷን እሷን አየሁ።"

"ለምን በራስህ ላይ ዋሸህ? አገር ፊት ቀለልህ እኮ።"

ቁጭ አለ፣ ጆንያው ላይ። "ሰዉ እኔን ሲያይ ያን ቀን ያለውን ነው የሚያየው። እኔ ረስቼላቸው ነበር፤ እነሱ አልረሱልኝም። ደከመኝ ሸዋዬ። ልጄም ሳታገባ ልትቀርብኝ ነበር።"

"ስም አልተሰጠኝም ያልኸውስ?"

"የሌባ ስም ማን ሰጠኝ?" አለ። "ሁሉም የተጣላውን ነው የጠራው። ወንድም ወንድሙን፣ ጎረቤት ጎረቤቱን። የትኛውን አውጥቼ ልስጣቸው?"

ሌላው ጥርጣሬዬ ሁሉ ለቀቀኝና አንዱ ብቻ ቀረ፤ የራሴው። ያን ቀን እዚያ ሾላ ሥር ጎንበስ ብዬ ያልሁት። ወደሱ ጠጋ አልሁ።

"እኔስ?" አልሁት። "እኔ ያልሁህን ታስታውሳለህ?"

ሚስባህ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ከዚያ ግራ ጆሮውን ወደኔ አዞረና እጁን ደገፍ አደረገበት።

"ምን አልሽ?" አለ። "ጮክ በይ ሸዋዬ፣ በዚህ በኩል አልሰማም።"

መብራቱ መጣ፣ ሞተሩ ተነሣ። ዱቄቴን ተሸክሜ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ እኔም እንደ ሰዉ ሁሉ፣ በግራው በኩል ከመጣሁ እጮሃለሁ።